ፀሐዬን የጋረደ ጎረቤት

ጥቅምት 3
ሰፈሩ ዛሬም መብራት የለውም። የእኔ ስፌት ማሽን ግን አላቆመም። አሥራ ሁለት ዩኒፎርም ጨረስኩ። ጣሪያዬ ላይ ያሉት አራት ሶላሮች እንደ ልጅ ይጦሩኛል።
ከጀርባዬ ያለው ጎረቤቴ፣ ኮንትራክተሩ፣ ቤቱ ላይ ፎቅ ሊጨምር ነው። «አንድ ብቻ ነው እትዬ። ፀሐይዎን አልነካም» አለኝ። አመንኩት።

ኅዳር 19
ሁለተኛውንም ፎቅ ጨመረ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ጣሪያዬ ጥላ ነው። ማሽኑ ከምሳ በፊት ቀጥ ይላል። ሶላሩን የገጠመልኝ ባለሙያ መጥቶ አየና፣ «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ፀሐይ ነው ያጣው» አለ።
ለጎረቤቴ ልነግረው ሄድኩ። ከመኪናው እንኳ አልወረደም። «እትዬ፣ ፀሐይ በካርታ አልተሰጠችዎትም!»
ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ... ለምን ሳቅሁ?

ኅዳር 20
ይቅር አልለውም።

ታኅሣሥ 8
ልክሰሰው? ዓመት ይፈጃል። ልስደበው? ደስ ይለዋል። ሆድ ይፍጀው። ቀን እስኪጥለው።

ጥር 15
ጣለው! የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፈነዳ። ጥገናው ወር ይፈጃል አሉ።
መጀመሪያ ሚስቱ መጣች። ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን በፌስታል ይዛ፣ «እንዳይበላሽብኝ እትዬ...» የጠዋቷ ፀሐይ ለፍሪጄ ትበቃለች፤ ተቀበልኳት። እሷ ምን በደለችኝ?
ቀጥሎ እሱ። የውሃ ፓምፑ ቆሞ ፎቅ ላይ ጠብታ የለም፤ ተከራዮቹ ሊለቁ ነው። ከሶላርዎ መስመር ይቀጥሉልኝ ነው የሚለው።
«ፀሐይ በካርታ አልተሰጠችኝም» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።
ማር ማር አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥር 18
ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ድምፁ ሟሟ።
«ምን ላድርግ እትዬ?»
«ሶላሮቼን አንተ ጣሪያ ላይ ታወጣለህ። እንደማታነሳቸውም ትፈርማለህ። ያኔ ለፓምፕህ በቀን አንድ ሰዓት እሰጥሃለሁ።»
«እሺ፣ ነገ ሠራተኞች እልካለሁ...»
«አንተው ራስህ ነህ የምትሸከመው!»

ጥር 19
ፈረመ። አራቱንም አንድ በአንድ ተሸክሞ ወጣ፤ ባለሙያው ከላይ እየተቀበለ ገጠማቸው። በሦስተኛው ላይ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ሠራተኞቹ ቆመው ያያሉ። አንዳቸውም አልሳቁም። እኔ ግን ሳቅሁ፤ ዛሬ ለምን እንደሳቅሁ አውቃለሁ።

የካቲት 23
መብራት ከመጣ ሳምንት ሆነው። ወረቀቱ ግን ወረቀት ነው። ማሽኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይንጫጫል።
ሶላር አቧራ አይወድም፤ በየቅዳሜው ልጠርግ እወጣለሁ። ደረጃው የሚገኘው በጎረቤቴ ሳሎን በኩል ነው። ዛሬ እንግዶች ነበሩት። ከነባልዲዬ፣ ከነመጥረጊያዬ በመሃላቸው አለፍኩ። «እ... ጎረቤታችን ናቸው» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።
በቃኝ ይሆን?
አልበቃኝም። ከማክሰኞ ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ እጠርገዋለሁ።