የኮቶኖ ልብና የአባባ ናቶ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ብርድ ሲገባ ደግሞ ተነሣብዎት ወይ? ወገብዎስ? የዘንድሮው አኩሪ አተር ደህና ገባ? እማማ ካረፈች ወዲህ ምሳ እየዘለሉ እንደሚውሉ ወንድሜ ታካኖሪ ነግሮኛል፤ ኧረ በሞቴ ይብሉ። እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ብሎ መቀጠል እጄ ለምዶት ነበር፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም።

አርብ ዕለት ደውዬልዎ ነበር አይደል? ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አውርቼ ዘጋሁ። የደወልኩት ለዚያ አልነበረም። አንደበቴ እምቢ ሲለኝ ጊዜ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አባባ፣ ልጄ ኮቶኖ ሆስፒታል ከገባች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። የሌላ ሰው ልብ ደም የሚገፋ ሁለት ክፍል ሲኖረው የእሷ አንድ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። አራት ዓመት ሳይሞላት ሦስት ጊዜ ደረቷ ተከፈተ። በመጨረሻው ላይ ከታች የሚመለሰውን ደም በልብ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሳንባዋ የሚወስድ ቱቦ ገጠሙላት። እዚያ የሚገፋው ነገር ስለሌለ ደሙ በዝግታ ነው የሚያልፈው፤ በዝግታ የሚሄድ ደም ደግሞ ይረጋል። በየቀኑ የደም ማቅጠኛ ክኒን የምትውጠውም ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ነግሬዎታለሁ። ያስቀረሁት አንድ ነገር ነው፦ ናቶ ከበላች ክኒኑ አይሠራም። አንድ ማንኪያ እንኳ ለቀናት ያከሽፈዋል።

እንዴት ብዬ ልንገርዎ! አምሳ ዓመት ሙሉ አኩሪ አተር ቀቅለው፣ በገለባ ጠቅልለው፣ አብላልተው፣ ናቶ ሸጠው ያሳደጉኝን አባቴን «የእጅዎ ሥራ ለልጅ ልጅዎ መርዝ ነው» ልበል? «ሽታው አይስማማትም» አልኩና ተገላገልኩ። እርስዎም ስቀው «የናቶ ሠሪ ዘር ናቶ ሸተተኝ አለ! ጉድ ነው! ይቺ ልጅ ከማን ወጣች?» አሉ። አብሬ ሳቅሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በፈታልኝ።

በነሐሴ ለአራት ቀን እርስዎ ዘንድ ትቻት ስመለስ «እስቲ አንዴ ቅመሽልኝ፣ ለአያትሽ ስትዪ» ብለዋታል። ደስ እንዳለዎት ስታይ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲያ በሚልኩልን የስኳር ድንች ካርቶን ሥር «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚል ወረቀት ያለበት የናቶ ጥቅል ያስቀምጡላት ነበር። ካርቶኑን የምትከፍተው እሷ ናት፤ እኔ ሥራ ነኝ። መስኮት ከፍታ ትበላና ጥርሷን ሁለቴ ትቦርሻለች። ክልክል መሆኑን ታውቃለች እኮ! ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

መስከረም ላይ የደም ምርመራዋ ተበላሸ። ዶክተር ኩሬባያሺ «ምን በልታ ነው?» ሲል እኔ «ምንም» አልኩ፤ እሷ የጫማዋን ማሰሪያ ትነካካ ነበር። ክኒኑን ጨመረላት። ከዚያ በትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ ወደቀች። ቱቦው ውስጥ ደም ረግቷል። ዳግም ስትጠየቅ «ትምህርት ቤት ናቶ ሰጥተውኛል» አለች። ሄጄ ምግብ አብሳይዋ ላይ ጮኽኩ። ያቺ ምስኪን ባላጠፋችው ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ረቡዕ ወደ ካቴተር ክፍሉ ሊያስገቧት ሲሉ ጣቴን ይዛ «እማ፣ የትምህርት ቤቱ ውሸቴን ነው። የአያቴ ነው። እንዳትነግሪያቸው፣ ይከፋቸዋል» ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። በብሽሽቷ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የረጋውን ደም መጠጡት፤ የጠበበውን በፊኛ ሊያሰፉ ሞከሩ። ግማሹ ተከፈተ። ወደ ግራ ሳንባዋ የሚሄደው ግን እንደተዘጋ ቀረ። ሐሙስ ጠዋት ደረቷን ለአራተኛ ጊዜ ይከፍታሉ። ዶክተሩን «ትተርፋለች ወይ?» ስለው «እንሞክራለን» አለኝና አቀረቀረ።

እውነቱን ልናገርና፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ያሏትን ሳስብ በእርስዎም እናደዳለሁ። አንድ ሌሊት ሙሉ ተናድጄ አድሬአለሁ። ግን እርስዎ አያውቁም ነበር፤ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ይሉኝታዬ ልጄን ሊያስበላኝ ነው፣ አባባ።

ምድጃውን ያጥፉና ከሐሙስ በፊት ይድረሱልኝ። ታካኖሪ ባቡር ያሳፍርዎት። «ሥራ አስፈታችኋለሁ» አይበሉ፣ «በምን ፊቴ አያታለሁ» አይበሉ። ይምጡ ብቻ።

ታካኖሪን ሰላም ይበሉልኝ። ሚስቱ ኢዙሚ እርግዝናው እንዴት እያደረጋት ነው? ሸክም እንዳታነሣ አደራ። ቶዮ አክስቴን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ለኮቶኖ የሠራችላት ካልሲ ደርሷል። ባለቤቴ ቴፔይም ከአልጋዋ ሥር ሆኖ እጅ ይነሣል።

ኮቶኖም ሰላም ብላዎታለች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ወጉ እንደዚያ ነው። አላለችም። ከረቡዕ ወዲህ አልነቃችም።

ልጅዎ ሳዋኮ
ፉኩኦካ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.