የአባባ ፎቶ በነሰብር

ቫርና፣ ቡልጋሪያ
ጥቅምት 1972 ዓ.ም.

ውድ እታለሜ አሰፋሽ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አላኩትም፤ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አሰላ በምትመለሰው በተናኘወርቅ እጅ ነው የሚደርስሽ። ስለዚህ የልቤን እናገራለሁ። አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

አንቺ ውሸታም! «አባባ ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል» እያልሽ እስከ መቼ ልትጽፊልኝ ነበር?

ባለፈው እሑድ እኛን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ነሰብር ወሰዱን። ጥንት ግሪኮች የቆረቆሯት የባሕር ዳር ከተማ ናት። የፈረሰ ግንብ፣ የወደቀ ዓምድ፣ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን። ብርዱ የአሰላን ሐምሌ ያስንቃል። ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣኝ እያልኩ ሳጉረመርም አንድ የመቃብር ድንጋይ ፊት ደረስን። የተቀረጸበት ሽማግሌ ምርኩዙን ብብቱ ሥር አድርጎ ተደግፎ ቆሟል። አባባ የእህል መደብሩ በር ላይ ሆነው የጭላሎን ተራራ ሲያዩ እንደሚቆሙት!

ዘንድሮ የመጣው ፍሰሐ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ፣ አጠገቤ ነበር። «ጋሽ ሣህሌን ቁጭ! ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲህ ነበር የሚቆሙት» አለ።

«ነፍሳቸውን ምን?» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ፋንዬ፣ መርዶ አልነገሩሽም እንዴ? ዓመት አልፎት የለም? እኔ እኮ የሰማሽ መስሎኝ…»

አስጨንቄ አናገርኩት። የአብዮት ጥበቃዎች ከመደብሩ ወስደው እንደገደሏቸው፣ አስከሬናቸው እንዳልተሰጠ፣ «ለፀረ አብዮት አይለቀስም» ተብሎ እማማ በማግስቱ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ሰልፍ እንደወጣች ነገረኝ። ወይኔ እናቴ! እኔም ድምፅ አላወጣሁም፤ ከመሃላችን ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም።

ራሴን አመመኝ ብዬ ከቡድኑ ቀረሁና አንድ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከፍተው ወጡ። ባባ ዴስፒና ይባላሉ፤ «ባባ» በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ዘራቸው ከግሪኮቹ ነው። ፎቶው የባላቸው ነው። እዚህ አገር ሰው ሲሞት አላፊ አግዳሚው እንዲያውቅ በር ላይ ይለጠፋል፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስ እንደገና ይለጠፋል።

«አንቺስ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

«አባቴ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ያን ጊዜ ፈነዳሁ። እቅፍ አድርገውኝ በቋንቋቸው አለቀሱ፣ ለማያውቁት ሰው! እኔም በአማርኛ፣ «አባብዬ፣ ጋሻዬ» እያልኩ አለቀስኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የአባባን ፎቶ ሰጠኋቸው፤ ሌላ የለኝም። ከባላቸው ጎን ለጠፉት። ከሥሩ በአማርኛ ጻፍኩበት፦ ሣህሌ ወልደጻድቅ፣ የአሰላ ሰው። አገራቸው ላይ ያልተለቀሰላቸው አባቴ እዚያ በር ላይ አሉ።

የደበቅሽኝ ለእኔ ብለሽ ነው፤ በሰው አገር ብቻዋን አትስማው ብለሽ። አልተቀየምኩሽም። ተቀይሜሻለሁ እንጂ፣ ምን እዋሻለሁ! ግን ያልፋል። አደራ፣ ከእንግዲህ የአባባን ሰላምታ አትላኪልኝ።

ስመለስ ደግሞ እንደ ልማዳችን በእልልታ አስገብተሽ፣ አብልተሽ፣ አሳድረሽ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ሰብስበሽ መርዶ አታርጂኝ። እዚያው ደጃፋችን ላይ፣ እንዳየሽኝ ጩኺ። ቀበሌው ይስማ።

እህትሽ፣
ፋናዬ ሣህሌ