ደረቷን ሳያዳምጥ ለመለሳት የሕክምና ቦርድ

ለተከበረው የሠራዊት ምልመላ ሕክምና ቦርድ፣
ለክቡር ሰብሳቢውና ለክቡራን አባላቱ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። ደረታችሁ ሰፊ፣ ትንፋሻችሁ ረጅም፣ እንቅልፋችሁም የሰላም እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከከበረው ሥራችሁ ላይ ጥቂት ደቂቃ ስለምሻማችሁ በትሕትና ይቅርታ እለምናለሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት በር፣ አልጋና ቁም ሳጥን ስሠራ የኖርኩ አናጺ ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ ሙያዬ ስላልሆነ ቃሌ ቢሻክር ገና ያልተላገ እንጨት ነው ብላችሁ እለፉኝ። በጋዜጣ መጻፌም ከድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ከዚህ በፊት ያቀረብኩት አቤቱታ ከመሳቢያችሁ ውስጥ በክብር እንዳረፈ ስለተነገረኝ፣ ዕረፍቱን መረበሽ ነውር መስሎኝ ነው።

የመዝገብ ቁጥሯን እንጂ ፊቷን ቀና ብላችሁ ስላላያችሁት፣ ስለማን እንደምጽፍ ላስታውሳችሁ። የበኩር ልጄ ናት። አስም የያዛት በአምስት ዓመቷ ነው፤ ያስያዝኳትም እኔ ሳልሆን አልቀርም። ያኔ የምሠራው እዚያው ጓሯችን ውስጥ ስለነበር ሰጋቱራው ከምንተኛበት ክፍል ድረስ ይገባ ነበር። ስትተነፍስ ደረቷ ስለሚያፏጭ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ «ባቡር» የሚል ስም አወጡላት። ሐኪሙ ነገሩን ሲያስረዳኝ ማሽኔን ነቅዬ ሌላ ሰፈር ሄድኩ፤ እናቷም መጋረጃና አንሶላ በየሳምንቱ መቀቀል ሥራዋ ሆነ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ወንዙ ሞልቶ ሰፈራችንን አጥለቀለቀው። ልጄን ከጣሪያ ላይ ያወረደቻት አንዲት ወታደር ናት። ውሃው እስከ ብብቷ እየደረሰ፣ ልጄን በጀርባዋ አዝላ፣ በየመሃሉ እየቆመች የሚሳበውን መድኃኒት እየሰጠቻት፣ «የኔ እህት፣ አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢው» ትላት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ ብሎ ለጠየቃት ሁሉ ልጄ አንድ መልስ ብቻ ነበራት፤ «ወታደር ነዋ!»

በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሕመሙ ለቀቃት። መሮጥ ጀመረች። በየማለዳው ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ወጥታ ስትመለስ እኔ ገና ጫማዬን እየፈለግኩ እገኛለሁ። ባቡር የሚለው ስም አልቀረላትም፤ አሁን ግን የሚጠሯት ከኋላዋ እያለከለኩ ነበር። እንዲህ ሆና ዘጠኝ ዓመት ኖረች።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስላዘጋጃችሁት የሩጫ ፈተና ከልብ አመሰግናለሁ። ከስልሳ ሴቶች ሁለተኛ ወጣች። አሠልጣኙ ሰዓቱን አይቶ «አንቺ ልጅ፣ ሳንባ ነው ወይስ ወናፍ ያለሽ?» ብሏት ስትስቅ መጣች። በዚያ ሳቅ ቤታችን ሦስት ቀን ሞቆ ሰነበተ። የሦስት ቀን ደስታ ደግሞ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጥንቃቄ ስለተሞላበት ቅጻችሁ አመሰግናለሁ። በሕይወትዎ አስም ይዞዎት ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አንስታ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ምን ልበል?» አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ «እውነቱን ነዋ! አገር አገለግላለሁ የሚል ሰው በውሸት ይጀምራል እንዴ?» አልኳት። በዚያ ቆንጆ ጽሕፈቷ «አዎ፤ ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ፤ ከዚያ ወዲህ የለም» ብላ ጻፈች። በማግስቱ የቦርዱ ክቡር ሐኪም «አዎ» የሚለውን አንብቦ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንበብ ሳያስፈልገው በቀይ ቀለም «ብቃት የላትም» አለ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በእሱ አንገትና በልጄ ደረት መካከል አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ዕቃው እንዳያልቅ መቆጠቡን እንደ አንድ ባለሙያ አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዷችሁ። የሳንባ ስፔሻሊስት ዘንድ ወስጄ አስመረመርኳት፤ ትንፋሿን በመሣሪያ ለክተው ፍጹም ጤነኛ ናት ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት። ወረቀቱን ይዤ ስመጣ የሚመለከታቸው ሰው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ተመልሼ ስመጣ ስብሰባው ወልዶ ሌላ ስብሰባ ሆኖ ጠበቀኝ። በሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ጸሐፊ አንጀቷ አልችል ብሏት አንገቷን ወደ ውጭ ብቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ አንዴ የተጻፈ አይፋቅም። ግን እሷን ማን ጻፊ አላት? ስንቱ ዝም ብሎ አልፎ የለ!» አለችኝ። ማን ጻፊ እንዳላት ሳልነግራት፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

አራተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ የሚቀጥለውን ግን ቁጥር ልሰጠው እጄ እምቢ አለኝ።

ልጄ መሮጥ አቆመች። ከዚያ የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ሥራ ገባች። እዚያ ቅጽ የለም፤ ስለ ደረቷም የጠየቃት ሰው የለም፤ ነገ መጀመር ትችያለሽ ወይ ብቻ ነው ያሏት። እኔና እናቷ ተይ ብለን ብንለምናት፣ «ታዲያ እቤት ቁጭ ብዬ ጣሪያ ልቁጠር?» አለችን። መኪና ሲራገፍ ከረጢት ይቀደዳል፤ አቧራው እንደ ጉም ይነሳል። ማታ ስትገባ ቅንድቧ ሸብቶ የእናቴን መልክ ትመስል ነበር። በስምንተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ከማየቴ በፊት ሰማሁት፤ ያንን ፉጨት። የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ ጆሮዬ ግን አልረሳውም። ፋርማሲ ድረስ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም።

ስለዚህ ክቡራን ሆይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ተሳስታችኋል እያልኩ ስንት ጊዜ ደጃችሁን ጠናሁ። ይኸው አሁን ልክ ሆናችኋል። ብቃት የላትም ብላችሁ ነበር፤ አሁን የላትም። መጋዘኑን ትታ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ከመኝታ ቤት እስከ በር ድረስ ስትራመድ መሃል ላይ ወንበር ትደገፋለች።

«ጻፊ ያልከኝ አንተ ነህ» ብላኝ አታውቅም፤ አንድም ቀን። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። እንዲያውም ፊቴ ሲጠቁር ስታይ እሷው ናት የምታጽናናኝ፤ እኔም ዞር ብዬ የማያስፈልገኝን ምስማር እፈልጋለሁ።

ከእናንተ ምንም አልጠይቅም። ምናልባት ወደፊት አንዷ «አዎ» ብላ ከጻፈች፣ ጊዜያችሁን የማይጎዳ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ማዳመጫውን ከአንገታችሁ ላይ አንዴ ብቻ አውርዱት።

ለጆሯችሁ ጤና፣ ለቀይ ቀለማችሁም በረከት እየለመንኩ፣ ወንበራችሁ ቢወላገድ ያለ ዋጋ ለማጥበቅ ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት የምገልጽ፣

የአንዲት እውነተኛ ልጅ አባት፣
አናጺው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቅጻችሁን ይዛ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። እሷም በሕፃንነቷ አስም ነበረባት፤ ጋሼ ምን ይሻለኛል ብላ ምክር ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እውነት ተናገሩ ስል የኖርኩት ሰውዬ መጋዜን አንስቼ እንጨቴን መቁረጥ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆማ ጠበቀችኝና ሄደች። ሰኞ ስልጠና ትጀምራለች።