ከድፎው ሥር ያለችው ቀለበት

አቶ ወልደየስ ገረመው ከአባታቸው ከአቶ ገረመው ዘውዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በላቸው በ1938 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው አዲስ አበባ ጉለሌ ዳቦ ቤት ተቀጠሩ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዱቄት ያልነካው ኮት አልነበራቸውም። በ1967 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋዓለም ተድላ ጋር ተጋብተው ኢየሩስን፣ ኪራኮስንና ኢትዮጵያን ወለዱ።

በሱዳን በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1988 ካልጋሪ ሲገቡ አራት ነበሩ። የበኩር ልጃቸው ኢየሩስ ጉዞው ሲጀመር በኩፍኝ ታማ አክስቷ ዘንድ ቀርታለች። ከተማዋ የክረምቱን ኦሊምፒክ አስተናግዳ ጌጧን ገና አላወረደችም፤ አምስቱ ቀለበቶች በየአውቶቡስ ማቆሚያው ነበሩ። አቶ ወልደየስ ቆጠሯቸውና «ሸዋዬ፣ እነዚህ ሰዎች አምስት መሆናችንን ማን ነገራቸው?» አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ኦግደን በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ዳቦ ቤት ሲከፍቱ ቀልዱ ሊጡ ውስጥ ገባ። በየድፎው ላይ በሻይ ብርጭቆ አፍ አምስት ቀለበት ያትሙ ጀመር፤ ሦስት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ከታች በቀኝ ያለችው ኢየሩስ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1994 ከኦሊምፒክ አርማው ባለቤቶች ጠበቆች ደብዳቤ መጣ። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ሞላልኝ እንደቆሙ ተረጎሙት። በሕግ የተጠበቀው አርማ ማለት መጠናቸው እኩል የሆነ፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ፣ ባንድ ወይም በተለያየ ቀለም የተሠሩ አምስት ቀለበቶች ናቸው፤ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካልቆመ ፍርድ ቤት።

«የኔዎቹ ተጠጋጉ እንጂ አልተጠላለፉም» አሉ አቶ ወልደየስ።

«ሲገቡ ነዋ ጋሼ! ምድጃ ውስጥ ሲነፉ ይጠላለፋሉ።»

«ቀለምስ የታለ?»

«ቡናማ። አንድ ይበቃል ይላል። ይልቅ አንዷን ያውጡና ይገላገሉ፤ ባራት ቀለበት ማንም አይከሰስም።»

«የትኛዋን?»

አቶ ሞላልኝ ደብዳቤውን አጥፈው ፖስታው ውስጥ መለሱት።

በዚያው ሳምንት ኢሚግሬሽን በኢየሩስ ፋይል ላይ ሌላ ወረቀት ጠይቆ ነበር። አቶ ወልደየስ ቀለበቷን ከዳቦው ቢያነሱ ልጅቱም ከፋይሉ የምትነሳ መሰላቸው። ዲግሪ ያላቸው ዘመዶች ይህ አጉል እምነት መሆኑን አስረዷቸው፤ ወዲያውም ለየብቻቸው ኢሚግሬሽን ደውለው ፋይሉ መኖሩን አረጋገጡ። ወይዘሮ ሸዋዓለም በበኩላቸው ሱቁ ከተዘጋ ስፖንሰርነቱም እንደሚቀር አስታወሱ። ቀለበቷ ዳቦው ላይ ብትቆይ ሱቁ ይዘጋል፣ ብትወጣ ልጅቱ ትቀራለች። አቶ ወልደየስ ምግብ ተዉ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን የጻፈችው ጠበቃ ራሷ ሱቁ መጣች። ትኩሱ ድፎ ሲወጣ ጎንበስ ብላ በጣቷ ቆጠረች። አራት። ደግማ ቆጠረች። አራት። «ቆንጆ ዳቦ ነው፤ ልግዛው» አለች። አቶ ወልደየስ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጠቀለሉላት።

በሩ እንደተዘጋ እዚያው የነበሩት አቶ ሞላልኝ «በመጨረሻ ጨከኑ፣ ጋሼ?» ቢሏቸው፣ አቶ ወልደየስ ሌላውን ድፎ አንስተው ገለበጡት። ከቆርቆሮ ቆርጠው የሠሩትን ቀለበት ትሪው ላይ አስቀምጠው ሊጡን ደፍተውበት ኖሯል። አምስተኛዋ ከሥር ታትማለች። ጠበቃዋ ቤቷ ገብታ ዳቦውን ገልብጣ አይታው እንደሆን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሌላ ደብዳቤ ግን አልመጣም።

ኢየሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 ካልጋሪ ገባች። አባቷ ኤርፖርት ድፎ ታቅፈው ጠበቋት፤ ገልብጠው አሳዩዋትና ማልቀስ ጀመሩ። ከዚያን ቀን ወዲያ ዳቦ ላይ ምንም አላተሙም። «አሁን እራት ላይ እቆጥራቸዋለሁ» ይሉ ነበር።

አቶ ወልደየስ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1999 በካልጋሪ ዋይትሆርን ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተዋል።

ከቀብር መልስ በአዳራሹ የሚቆረሰውን ድፎ የጋገሩት ልጆቻቸው ናቸው። ከላይ አራት ቀለበት አለው። ከመቁረሳችሁ በፊት እባካችሁ ገልብጡት፤ የእሳቸው ከሥር ነው። አንድም ሰው ሳያጎድሉ የቆጠሩትን አባት፣ እግዚአብሔር ከጻድቃኑ ጋር ይቁጠርልን።