ረጅሙ ዘንግ

ሐሙስ፣ ጁን 12፣ ጋርላንድ

ባሌ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ጋልቭስተን ሄዶ ከባሕሩ ዳር ዓሣ ሊያጠምድ ነው። ዋና አይችልም።

ዛሬ ከሥራ መልስ ስፒኒንግ ሮድ የሚባለውን የማጥመጃ ዘንግ ልንገዛ አብረን ሄድን። እሱ ሰባት ፊት ርዝመት ያለውን አጭሩን አነሳ፤ ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው። ሻጯ ግን፣ "በዚህ መንጠቆውን ከማዕበሉ አሳልፈህ ለመወርወር እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ መግባት አለብህ" አለችው። እኔ ወዲያው ረጅሙን አነሳሁ። አስር ፊት የሚረዝመውን ሳሳያት፣ "በእሱ ከደረቅ አሸዋ ላይ መወርወር ይቻላል" አለች።

"ሶ፣ ይኼን ነው የምንገዛው" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ዋጋውን አይተሽዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

ቤት እንደደረስን ፓርኪንጉ ላይ መወርወር ተለማመደ። እኔ ከበረንዳ ሆኜ ሳየው ትንሽ ቀለል አለኝ። ድንገት ቀና ብሎ ጠራኝ።

"እውነትሽን ነው! በዚህማ ባሕሩ ውስጥ ከገባው የድንጋይ ግድብ ጫፍ ላይ ቆሜ ጥልቁ ውስጥ ነው የምጥለው። ትልልቁ ዓሣ እዚያ ነው አሉኝ።"

ሳቅኩለት። ረጅሙን ያስገዛሁት እኔ ነኝ።

ደረሰኙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነገ ሄጄ በአጭሩ ልቀይረው ይሆን? እስከ ወገብ የሚደርስ ውሃ ቢያንስ ከሥሩ መሬት አለው።