ለኡሙሰልማ ስለተከለከለው ጸሎትና ስላልተመለሰው ማር

ይድረስ ለክቡር መልአከ ጽባሕ ደጉ፣ ለደብራችን አለቃ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፤ ሚያዝያ 1978 ዓ.ም.

በዕድሜ ልጄ፣ በማዕረግ አባቴ የሆኑት ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ሁዳዴው እንዴት ይዞዎታል? ጉሮሮዎስ ተሻለው? ባለፈው እሑድ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ሲሰብኩ እንደዚያ ስለጮኹ፣ ቤተሰቤ ሁሉ ሲጨነቅልዎ ሰነበተ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ቢሆን እርስዎ ያዘዙልኝ ስግደት ይፈውሰዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የቀበሌያችን ካድሬ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍልዎት ብሎ ለምኖኝ ነበር። በቤተሰብ ጠብ ባዕድ አላስገባም ብዬ መለስኩት። እሱ እግዚአብሔር የለም ይለናል፤ እርስዎ ደግሞ አለ፣ ነገር ግን ኡሙሰልማን አይወዳትም ይሉናል። እውነቱን ልናገርና፣ ከሁለታችሁ ፈጣሪን በትንሹ የሰደበው ካድሬው ይመስለኛል። ስለዚህ ደብዳቤው የሚነበበው እስላሙም ክርስቲያኑም በሚቀመጥበት በዕድራችን ጉባኤ ፊት ነው።

ነገሩን ላልሰማ የዕድር አባል በአጭሩ ላስረዳ። አምና፣ በዚያ በረሃቡ ወራት፣ ልጄ ገበያነሽ ሴት ልጅ ተገላግላ በአራስነቷ ሞተችብኝ። ሕፃኗን ሸዋረጋን ታቅፌ የማደርገው ጠፍቶኝ ሳለ፣ ጎረቤታችን ኡሙሰልማ፣ የኑርሁሴን ባለቤት፣ አብሽሩ አባ ብሩ፣ ረቢ የሁለት ልጅ ወተት ሰጥቶኛል ብላ ከእጄ ተቀበለችኝ። የራሷን ልጅ በሺርን በአንድ ጡቷ፣ የእኔዋን በሌላው አድርጋ አጠባች። ራሷ ምን እየበላች እንደነበር ያው ረቢዋ ይወቅ። ክረምት ሲገባ ከቢስቲማ የተሰደደች እህቷን መዲናን ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ መጠለያ ወረደች፤ እህቷን አግኝታ፣ ተስቦውንም ይዛ ተመለሰች። በዚያው ሞተች።

እኔም የሙታን ስም ለጸሎት ሲሰበሰብ፣ ወለተ ሚካኤል ብዬ ስሟን አቀበልኩ። ክቡርነትዎም በዚያ በሚያምር ዜማዎ ከቅዳሴ በኋላ ሲጠሯት ከረሙ። የዋሁ ኑርሁሴን ይህን ከእኔ ቢሰማ ጊዜ፣ ለሚስቴ ስለጸለዩልኝ ብሎ አንድ እንስራ ማር ተሸክሞ ደጅዎ ድረስ መጣ። ምስጋናው ሁላችንንም አስያዘን። እርስዎም ጸሎቱን ሰረዙ፤ በእሑዱ ስብከትዎ ሴቲቱ በዘላለም እሳት ውስጥ መሆኗን አበሰሩን፤ እኔንም በመጪው እሑድ ከምእመናን ፊት ቆሜ እሷ ከእግዚአብሔር ፍቅር ውጭ ናት እንድል፣ እምቢ ካልኩም ስሞት ፍትሐት እንደማይደረግልኝ አስታወቁኝ። ለሬሳዬ ይህን ያህል በማሰብዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን ግን እንደሚከተለው ላቅርብ።

አንደኛ፤ የማሩ ጉዳይ ነው። ጸሎቱ ተሰርዟል፣ ማሩ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የእስላም ቀፎ ማር ነው፤ ንቦቹም አንዳቸውም አልተጠመቁም። ለሆድዎ ስለሰጋሁ ነው።

ሁለተኛ፤ እነዚያን ሁሉ ወራት ወለተ ሚካኤል ተብላ ስትጠራ፣ ፈጣሪ ማን እንደሆነች አላወቀም ነበር ይሉናል? እንደ እኔ ያለ አንድ ተንኮለኛ ሽማግሌ በክርስትና ስም የሚያታልለው አምላክ ነው የሚያመልኩት? አውቆ ከሰማ ደግሞ፣ ዝም ብሎ ሰምቷል ማለት ነው። የተቆጡት እርስዎ ነዎት፤ እሱ ሲቆጣ አልሰማሁም።

ሦስተኛ፤ ሸዋረጋ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ማን አምጥቷት እንደነበር ያስታውሱ ይሆን? ኡሙሰልማ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ በዚያ በጦሳ ተራራ ብርድ፣ ጡቷ ነጠላዋን እያራሰ ቆማ ጠበቀች። ሕፃኗ ቁርባን እስክትቀበል መጥባት የለባትም ስላልናት፣ ልጅቱ ስታለቅስ አብራ እያለቀሰች ታገሠች። እርስዎ ሥጋውንና ደሙን አቀበሏት፤ ያችኛይቱም አጥሩ ሥር ተቀብላ ወተቷን አጠጣቻት። ሁለቱ በዚያች ትንሽ ሆድ ውስጥ ተገናኙ። ልጅቱም ሳታስመልስ እንቅልፍ ወሰዳት።

አራተኛ፤ ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል። የእግዚአብሔር ፍቅር ወሰን የለውም ብለው ጀመሩ፤ ሳይቀመጡ ወሰኑን ኡሙሰልማ ደረት ላይ አሰመሩት። የቀበሌ ሱቃችንም ካርድ ለሌለው ስኳር አይሸጥም፤ ነገር ግን ስኳሬ ለሁሉ ነው እያለ አይሰብክም። ልጅ ሳሉ ከጓሮዬ ኮክ ሲሰርቁ ዛፍ ላይ ያገኘሁዎት ዕለት፣ አወረድኩዎት፣ አንዲት ኩርኩም አቀመስኩዎት፣ ኮኩንም ይዘው ሄዱ። ቁጣዬ እዚያው በረደ። ለዘላለም ልቀጥልበት አላሰብኩም። እንግዲህ እኔ ብሩ ከፈጣሪ የተሻልኩ አባት ነኝ? ይህን ድፍረት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ እኔ አልፈለግኩትም! ከጥቂት ቀን በኋላ በስቅለት ዕለት፣ ለቸነከሩት ምሕረት እንደለመነ ሊያነቡልን ነው። ለቸነከሩት ምሕረት የለመነው፣ ሕፃን ላጠባችው እሳት አነደደ ሲሉን፣ የገዛ ጆሮዎ አይሰማም?

እሑድ ከምእመናን ፊት እቆማለሁ፤ ትእዛዝዎን አልጥስም። የምለው ግን ይህን ነው፦ እሷን የሚወድ አምላክ ከሆነ የእኔ አምላክ ነው። እሷን የማይወድ ከሆነ ግን ፍትሐቱን ይተዉት፤ እሷ ወዳለችበት ይላኩኝ። እዚያም ቢሆን የምትረዳው ሰው አታጣም፤ ቢያንስ ውሃ አቀብላታለሁ።

ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ለጉሮሮዎ ጤና ሌት ተቀን የምማልድ፣ ከሰበኩት ፍቅር ትርፍራፊው እንኳ ለጎረቤቴ እንዲደርስ ደጅ የምጠና፣

የሸዋረጋ አያት ብሩ።

ከማኅተሙ በታች፤ እግራቸው የደከመ የሰፈራችን አሮጊቶች የሙታኖቻቸውን የክርስትና ስም ለዓመታት ወደ እርስዎ ሲያደርሱ የኖሩት በእኔ አፍ እንደሆነ አይዘነጉትም። በክርስትና ስም ያስገባኋት እስላም ወለተ ሚካኤል ብቻዋን አልነበረችም። የትኞቹ የትኞቹ እንደነበሩ ግን ይማሩኝ፣ እርጅና አስረሳኝ። እንግዲህ ያለዎት ምርጫ ሁሉንም መሰረዝ፣ አለዚያም ሳይለዩ ለሁሉም መጸለይ ነው። የእናትዎ የወይዘሮ ወርቅነሽም ስም እዚያው መሃል ስላለ፣ ሁሉንም ይሰርዛሉ ብዬ አልሰጋም።