ቅርጫት ያለው ቤት የአሰልጣኙ ቤት አይደለም

ለተከበሩ ዶክተር ራንዳል ኬስለር
የሎክሪን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት
ቴልፎርድ፣ ኢንዲያና

ጉዳዩ፦ አሰልጣኝ ግሬዲ ቶልበርትን በሥራቸው ላይ ስላቆዩልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና መላው ቤተሰብዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እንቅልፍዎንም እጠይቃለሁ። ከእኛ ቤት ከኅዳር ወዲህ እንቅልፍ ስለጠፋ፣ ምናልባት ተጠቃሎ እርስዎ ዘንድ ገብቶ እንደሆነ ብዬ ነው።

እኔ ኦርቪል ሃስኬት እባላለሁ፤ የሰባ አራት ዓመት ሰው ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቴልፎርድን ልጆች በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሳመላልስ ኖሬአለሁ። ከባለቤቴ ከቨርና ጋር የምንኖረው በሲካሞር ጎዳና ነው። የኮሌጅዎ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ግሬዲ ቶልበርትም የሚኖሩት በዚሁ ጎዳና ነው። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ የሚወጣ ስለሆነ የትኛው ቤት እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሰልጣኝ ቶልበርት ዘንድሮ ሃያ ሦስት ጨዋታ አድርገው ሃያውን ተሸንፈዋል። ካሸነፏቸው ከሦስቱም አንዱ፣ የተጋጣሚው ቡድን እኩሌታ በጉንፋን ተኝቶ የተገኘ መሆኑን የማያውቅ የለም። እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚያናውጥዎ ሰው አይደሉምና፣ "በአሰልጣኛችን ላይ ሙሉ እምነት አለን" የሚል መግለጫ በዚህ የውድድር ዘመን አራት ጊዜ አውጥተዋል። ስለዚህ ጽናትዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለቤቴ ያስገኘውን በረከት እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከስድስተኛው ሽንፈት በኋላ በነጋታው ስነሣ፣ ደጄ ላይ "ለሽያጭ የቀረበ" የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አገኘሁ። "ከተማችንን ልቀቅ" ለማለት ተሸናፊ አሰልጣኝ ግቢ ላይ እንዲህ ያለ ሰሌዳ መትከል በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ በጎልማሳነቴ እኔም በሌሎች አሰልጣኞች ላይ ሲደረግ አይቼ ስቄአለሁ። ሰዎቹ ወደ እኔ ደጅ የመጡት በጋራዤ በር ላይ የኳስ ቅርጫት ስላለ ነው። ልጃችን ድዋይት የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ የሰቀልኩለት ነው፤ ዛሬ እሱ አርባ አልፎት ሩቅ አገር ይኖራል። በአሰልጣኙ ቤት ግን ቅርጫት የለም። ሰውየው ከሥራ ሲመለሱ ያንን ነገር ማየት ስለማይፈልጉ ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። ኢንዲያና ውስጥ ጋራዡ ላይ ቅርጫት የሌለው አሰልጣኝ ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እስከ ገና ድረስ ዘጠኝ ሰሌዳ ነቅያለሁ። አንድ እሑድ እንዲያውም ሰሌዳውን አምነው አንድ ባልና ሚስት ከእነ ልጆቻቸው መጡና ቨርናን "እማማ፣ ወጥ ቤቱን ማየት እንችላለን?" አሏት። ባለቤቴ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ከታመመች ወዲህ ሰውን እንቢ ማለት አትችልምና አስገብታ መኝታ ክፍላችንን ሳይቀር አስጎበኘቻቸው። ሰዎቹ ምንጣፉን አልወደዱትም።

2ኛ/ ከገና በኋላ ሰሌዳው ቀረና መኪናዎች ጀመሩ። ደጃችን ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። "ግሬዲ! የዞን መከላከሉን ተወውና ሰው በሰው ያዝ፣ አንተ ደንቆሮ!" ብሎ የሚጮህ አለ። አንድ ቀን በረዶ እየጠረግኩ "ወንድሜ፣ እኔ ግሬዲ አይደለሁም" ብዬ ብነግረው፣ "አዎ፣ አሰልጣኝም አይደለህም!" ብሎኝ ሄደ። እዚህ ላይ መሳቄን አልክድም። ቀጥሎ በፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ያገኘሁት ወረቀት ግን አላሳቀኝም። ጥሩ ትምህርት ባለው ሰው እጅ፣ ነጠላ ሰረዙ እንኳን ሳይጓደል፣ "ሚስትህ ሁልጊዜ እዚያ መስኮት አጠገብ ነው የምትቀመጠው፣ አይደል?" ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላ ምንም የለበትም። ለቨርና የመብራት ደረሰኝ ነው አልኳት፤ ከዚያም ጋራዥ ገብቼ በሩን ዘግቼ ወረቀቱን ከመሣሪያ ሳጥኔ ሥር ደበቅኩት።

3ኛ/ የአሥራ ሰባተኛው ሽንፈት ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጡብ በዚያው መስኮት ገባ። ቨርና ራዲዮው ባትሪ ስለጨረሰ ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ነበር። ወንበሯ መስታወት በመስታወት ሆኗል። እሷም ባትሪውን ይዛ መጣችና "ኦርቪል፣ ስንት ለስንት አለቀ?" አለችኝ። ጡቡ ላይ በወፍራም ቀለም ተጽፎ ስለነበር ሰማንያ አንድ ለሃምሳ ሁለት ብዬ አነበብኩላት።

የመስኮቱን ነገር ለፖሊስ ማመልከቴ አልቀረም። የመጣው ላይል የተባለው መኮንን ነው፤ ልጅ ሳለ በእኔ አውቶቡስ ነበር የሚሄደው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ጋሼ ኦርቪል፣ አይጨነቁ፤ ቡድኑ አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸንፍ፣ ሰዉ ሁሉ ይረሳዋል" አለኝ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ያስቡት። የባለቤቴ ደኅንነት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ነፃ ውርወራ ላይ ወድቋል። ድሮ ጨዋታ በራዲዮ ስንሰማ እሷ ትሰፋ፣ እኔም ኦቾሎኒ እፈለፍል ነበር። አሁን ግን ኳሱ ቀለበቱን መትቶ በወጣ ቁጥር የማየው ወደ መንገዱ ነው። ፈርቻለሁ፣ ዶክተር። በዚህ ዕድሜዬ ይህን በጋዜጣ ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ፈርቻለሁ።

ሰው ሲፈራ ማንበብ ያበዛል። እኔም መግለጫዎችዎን ከአሮጌ ጋዜጦች እየቆረጥኩ በገበታችን ላይ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያውን "ሙሉ እምነት" ያወጡት የነርስ ትምህርት ክፍሉን መዘጋት ባሳወቁበት ቀን ነው። ሁለተኛው የወጣው በተማሪዎች መኖሪያ የመጠጥ ውኃ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት በተገኘ ዕለት ነው። ሦስተኛው አሥራ አንድ መምህራን በተሰናበቱ ማግስት፣ አራተኛው ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ በተደረመሰ ቀን ነው። በእነዚያ አራት ቀናት ሁሉ የፊቱ ገጽ ሙሉ አሰልጣኝ ቶልበርት ናቸው፤ ሌላው ዜና ከትራክተር ማስታወቂያው በታች በሦስት መስመር ሰፍሯል። ፀጉር ቤት ሄጄ "የነርሶቹ ክፍል እኮ ተዘጋ" ብል፣ ፀጉር ቆራጩ መቀሱን አየር ላይ ይዞ፣ "ተወኝ እስቲ ኦርቪል! ሰውየው ዛሬም ያንን ረጅሙን ልጅ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦት ዋለ፣ አየህልኝ?" አለኝ። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ተቀበለውና ስለ ረጅሙ ልጅ ሲጮሁ አመሹ።

ሃያ ጨዋታ የተሸነፈ አሰልጣኝ ለምን እንደማይባረር ያን ጊዜ ገባኝ። በእርስዎ ሒሳብ ሰውየው አንድም ጊዜ ተሸንፈው አያውቁም። ከተማው የሚናደድበት ሰው እስካለው ድረስ ወደ እርስዎ ቢሮ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። አሰልጣኙን ቢያሰናብቱ ሰኞ ጠዋት ሰዉ ጋዜጣውን እስከ ታች ያነባል። ብልሃትዎን አደንቃለሁ፤ ጉድለቱ ብትሩ የሚያርፈው እኔ ቤት መሆኑ ብቻ ነው። ለነገሩ የተዘጋው ክፍል ተማሪ ነርሶች ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ የቨርናን ደም ግፊት ይለኩላት ነበር። አሁን የሚለካላት የለም፤ መለካት የሚያስፈልጋት ደግሞ አሁን ነበር።

"ታዲያ ቅርጫቱን አታወርደውም?" ይሉኝ ይሆናል። ልጄም በስልክ ያለኝ ይህንኑ ነው። ባለፈው ሳምንት መሰላል አቁሜ፣ መፍቻ ይዤ ወጥቼ ነበር። ሁለቱን ብሎን ፈታሁ። ከላይ ሆኜ ሳይ ግን የአሰልጣኙ ሚስት ሁለቱን ትንንሽ ሴት ልጆቻቸውን ከመኪና እያወረደች ነው። ዕቃዋን በአንድ እጇ፣ ታናሿን በሌላው ይዛ፣ ግራና ቀኝ እያየች በሩጫ ገባች። እኔ ቅርጫቱን ካወረድኩ ጡቡ የሚሄደው ወደ ማን እንደሆነ ታየኝ። ብሎኖቹን መልሼ አጥብቄ ወረድኩ። ጀግና እንዳይመስልዎት፤ ያን ዕለት ማታ ቅርጫቱን ሳልነቅል በመውረዴ ተጸጽቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በመጻፌም ሰዎቹን ወደ ሌላ ቤት እየላክኋቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላ መላ አጣሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ከቅዳሜው ጨዋታ በፊት ከሁለቱ አንዱን እንዲያደርጉልን ነው። ወይ አሰልጣኙን አሰናብተው ሰውየውም ልጆቻቸውም እኛም እንረፍ፤ ወይም ለምን እንዳቆዩአቸው እርስዎ ራስዎ አደባባይ ወጥተው ይናገሩ። ቅዳሜ የሚገጥሙን እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ። እንደማናሸንፍም ያውቃሉ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አርቆ አሳቢነትዎና በእኔ መስኮት በኩል ስላስጠበቁት የኮሌጁ ሰላም ምስጋናዬን ደግሜ ደጋግሜ እያቀረብኩ፣ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ የምመኝ፣ በክብርዎ ፊት ባርኔጣዬን ያወለቅሁ፣ ብርድ በካርቶን በተደፈነ መስኮቴ እየገባ የምጽፍልዎ፣

ታዛዥዎ
ኦርቪል ሃስኬት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ወደ ጋዜጣው ልወስድ ስወጣ ሁለት ሰዎች ደጄ ላይ መኪና አቆሙ። ያላበዱ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ፊቴን ቀርቦ አየና ኮፍያውን አውልቆ፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ለካ እርስዎ አሰልጣኙ አይደሉም። ትክክለኛውን ቤት ያሳዩን፤ ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ብቅ እንላለን" አለኝ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ልጆች በረዶ እየከመሩ ይጫወቱ ነበር፤ የማን ልጆች እንደሆኑ አልናገርም። አላውቅም ብል በየቤቱ ይጠይቁ ነበር። ስለዚህ የአሰልጣኙን ቤት ትቼ፣ አሰልጣኙን በሥራ ያቆያቸውን ሰው ቤት ነገርኳቸው፤ በድልድዩ አልፈው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ታጥፈው፣ ኮረብታው ላይ ብዬ። አንደኛው ጻፈው። ይህን የማሳውቅዎ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ባለቤትዎን ወደ ዘመድ ቤት ለመላክ ጊዜ እንዲኖርዎት ነው፤ እኔ ቨርናን የምልክበት ዘመድ አልነበረኝም።